የተቀየመው ወፍጮ

ወገዳ ላለው የጋሽ አለምነው የኤሌክትሪክ ወፍጮ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም የሠራሁት እኔ ነኝ። ሞተሩን የሚያዘው ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ ተቀይሮ ያለቀ ስለሆነ ማንም አይነካውም። ወፍጮው መቼ እንደሚቆም፣ መቼ እንደሚፈጭ ግን በሌላ ፋይል በተራ አማርኛ፣ «ሁኔታ» እና ከሁኔታው የሚያወጣው «መውጫ» እየተባለ ተጽፏል፤ ኮዱ እሱን እያነበበ ይታዘዛል።

በቀደም ጋሽ አለምነው ደውለው «ሥራህ ገበያተኛ ፊት አዋረደኝ! እየፈጨ ድርግም ይላል!» ብለው ጮኹብኝ። ወዲያው ተነስቼ ወፍጮ ቤቱ ደረስኩ። ገብስና ስንዴ የያዙ ሴቶች በሩን ሞልተውታል። «ይሄ ነው አሉ የሠራው» እያሉ ተጠቋቆሙብኝ። ኮዴን ደጋግሜ ፈተሽኩ፤ እንከን የለውም። ፋይሉን ስከፍት ግን እኔ ያልጻፍኩትን ሁኔታ አየሁ፦ «ተቀይሟል» ይላል።

ደሜ ፈላ። «ሥራዬን የነካው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ወፍጮውን የምታሠራው ባለቤታቸው፣ ምንም ሳይመስላት። «ኮድህን አልነካሁም። ሁኔታውንና መውጫውን ከጻፍሽ ማሽኑ ይታዘዛል ያልከኝ አንተው ነህ። ባሌ ሴቶቹን ሲሰድብ ቀዩን ቁልፍ እጫናለሁ፣ ወፍጮው ይቀየማል።»

«መውጫውስ?»

በአገጯ ወደ ባሏ ጠቆመችኝ። ጋሽ አለምነው ፊታቸው ቀላ፤ ቀስ ብለው ወደ ሴቶቹ ዞሩና «ይቅርታ አድርጉልኝ» አሉ።

አረንጓዴውን ተጫነች።