በሎሚ የታጠበው ድንጋይ

ሰው ቡፌ የሚገዛው ብርጭቆ ሊደረድርበት ነው። እኔም የገዛሁት ለዚያ ነበር። ዛሬ ግን ቤታችን እንግዳ ሲመጣ ብርጭቆው የሚቀርበው አልጋ ሥር ካለ ካርቶን ወጥቶ፣ አቧራው ተጠርጎ ነው። ቡፌው ውስጥ፣ ከመስታወቱ ኋላ፣ የተደረደረው ድንጋይ ነው። መቶ አርባ ሁለት ድንጋይ። እኔ ሙሉወርቅ፣ ሃያ ስድስት ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሴት፣ አልቆጥርም ብዬ ምዬ ነበር፤ ግን ቆጠርኳቸው።

የድንጋዮቹ ባለቤት ባሌ ቀጀላ ነው። ድንጋይ ጠራቢ ነበር። ከጉደር ወዲያ ባለ የኖራ ድንጋይ ካባ ውስጥ መሮና መዶሻ ይዞ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሯል። እዚህ አምቦ አብረን መንገድ ስንወጣ በየአጥሩ ሥር ቆም ይልና "ይቺ የእኔ ናት፣ ያቺም የእኔ ናት" እያለ ድንጋይ ያሳየኛል። አንዳንዱ ሕንጻ ላይ የምረቃ ጽሑፍ ተለጥፏል። ማን እንደመረቀው፣ የትኛው ኮሚቴ እንዳሠራው፣ ቀኑ ሳይቀር ተጽፏል። የጠረበው ሰው ስም የለም። ቀጀላ ግን ባለፍን ቁጥር ጽሑፉን እስከ መጨረሻው መስመር ያነበዋል። አምስተኛ ጊዜ ያነበበውን ግድግዳ ስድስተኛ ጊዜ ሲያነብ እኔ ቅርጫት ይዤ ፀሐይ ላይ እቆማለሁ።

የመሰብሰቡ ነገር የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ካባው ውስጥ ድንጋይ ሲፈነከት መሃሉ ባዶ ሆኖ ከተገኘና ውስጡ የሚያብለጨልጭ ነገር ካለው "ይኼ የተበላሸ ነው" ተብሎ ወደ ጥራጊው ይወረወር ነበር። ለግንብ አይሆንማ። ያን ዓመት ሃዋኒ የምትባል የዩኒቨርሲቲ መምህርት ተማሪዎቿን ይዛ መጣችና ያንን ጥራጊ ስታይ ተንበረከከች። ቀጀላ ልጅቷ የታመመች መስሎት ውሃ ሊያመጣላት ሮጠ። ሲመለስ እሷ ድንጋይ እያገላበጠች ነው። "ይኼ ካልሳይት ይባላል" አለችው። ከትንሽ ጠርሙስ አንድ ጠብታ አሲድ ጣል ስታደርግበት ድንጋዩ ፈላ። "ቤትዎ ሎሚ ካለ ሎሚም ያፈላዋል። ካልፈላ ሌላ ዓይነት ነው ማለት ነው። ብቻ ከሥሩ በኩል፣ በማይታይበት፣ አንዲት ጠብታ ብቻ" አለችው። ይህን የመጨረሻውን ቃል እኔ የሰማሁት ከአምስት ዓመት በኋላ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቴ ውስጥ ሎሚ አይበረክትም። በመስኮት አየዋለሁ፤ ጓሮ ቁጭ ብሎ ድንጋዩ ላይ ሎሚ ጠብ ያደርጋል፣ ጆሮውን ያስጠጋል፣ ከዚያ በጨርቅ ጠርጎ ወደ ቡፌው። አንድ ብርጭቆ በወጣ ቁጥር አንድ ድንጋይ ይገባል። ምን እያደረግህ ነው ብዬ ጠይቄው አላውቅም። እያጠበ ነው አልኩ፣ በቃ። በዚያ ላይ ተናድጃለሁ፤ የተናደደ ሰው ደግሞ አይጠይቅም።

አንድ ጊዜ ለኅዳር ጽዮን አዲስ ዓለም ማርያም ተሳልመን ስንመለስ የሚኒባሱ ጎማ ተነፈሰ። ጎማው እስኪቀየር ቀጀላ ጠፋ። ሲመጣ አንድ ጭንቅላት የሚያክል ነገር በነጠላዬ ጠቅልሎ ታቅፏል። መኪናው ውስጥ አጠገባችን የተቀመጡ እናት የጸበል ዳቦ መስሏቸው "ልጄ፣ እስቲ ለእኔም ቁረሱልኝ" አሉ። እሱ አላፈረም። ፈታና አሳያቸው። ነጫጭ መርፌ የመሰለ ነገር ውስጡ ተሰክቷል። እኚያ እናት እስከ አምቦ ድረስ ሲጠይቁት፣ እሱም ሲያስረዳቸው መጣ። እኔ የነጠላዬን ቆሻሻ እያየሁ ነበር።

ጎረቤታችን ኦቦ ጂራማ አንድ ቀን እንኳ አይምረውም። "ቀጀላ፣ ሙሉ ወርቅ አግብተህ ምን ጎደለህና ድንጋይ ትለቅማለህ?" ይለዋል። ቀጀላ ይስቃል። እኔን ግን አንድ ነገር ብቻ ደጋግሞ ይለምነኝ ነበር። "ሙሌ፣ ማሎ፣ በዚያ በቆንጆ ጽሕፈትሽ ለእያንዳንዳቸው ጻፊላቸው። የት እንደተገኘ፣ መቼ፣ ማን እንዳገኘው።" እኔም "ቶሌ፣ እጽፋለሁ" እላለሁ። አልጽፍም። የስንቱን ሰው ፋይል ስጽፍ ውዬ ደግሞ ለድንጋይ ፋይል ልክፈት?

በ2013 የካቲት ከሁሉም የሚበልጠውን አገኘ። የካባው ግድግዳ ላይ ቡጢ የምታስገባ ቀዳዳ ነበረች። ውስጧን በባትሪ ሲያይ ጣት ጣት የሚያህሉ፣ ጫፋቸው የሾለ፣ ውሃ የመሰሉ ድንጋዮች እንደ መንጋጋ ተደርድረው ቆመዋል። የጅብ ጥርስ አለው ስሙን። በመዶሻ ቢመታው እንደሚሰነጠቅ ስላወቀ ሦስት ቀን ሙሉ ዙሪያውን በመሮ ፍቆ አወጣው። በጤፍ ጭድ ጠቅልሎ፣ ጭኑ ላይ አድርጎ መጣ። ይህ በሆነ በሁለት ወሩ ሐኪም የካባው አቧራ ሳንባህን ይዞታል፣ ራቅ አለው። መሮውን ይዞ ቤት ገባ። ከሠላሳ አንድ ዓመት ሥራ እጁ ላይ የቀረው ያ የጅብ ጥርስ ነው ብል አላጋነንኩም።

በ2015 ጥር ላይ ሃዋኒ ደወለች። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የአካባቢውን ድንጋይ የሚያሳይ የመስታወት ቁም ሣጥን እየተዘጋጀ ነው፤ ቅዳሜ መጥቼ የጅብ ጥርሱን አየዋለሁ፣ ከሆነ ይገባል፣ ከሥሩም ያገኘው ሰው ስም ይጻፋል አለችው። ስልኩን ዘጋ። "መቃ ኮ" አለ በኦሮምኛ። ከዚያ ያልሰማሁት መስሎት በአማርኛ ደገመው፣ "ስሜን።" ዓይኑን አየሁት። ስንት ዓመት ሙሉ ስለ ብርጭቆ ስነዘንዘው የኖርኩት ሴት፣ ለዚህ ሰው አንድ ነገር ላድርግለት አልኩ።

ረቡዕ ቀጀላ የድሮ የሥራ ጓደኛው ሞቶ ለለቅሶ ጉደር ሄደ። እኔ የጅብ ጥርሱን ከቡፌው አወጣሁት። በጥርሶቹ መሃል ቡናማ አፈር ገብቶበታል። እኛ ከተማ ውሃው ሲፈላ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ ያንን ቅርፊት በሎሚ እንደሚያስለቅቁት የማታውቅ የአምቦ ሴት የለችም። ባሌም ድንጋዩን በሎሚ ነው የሚያጥበው። ሰባት ሎሚ ሳፋ ውስጥ ጨምቄ፣ ትንሽ ውሃ ጨምሬ ነከርኩት።

ፈላ። ሽ... እያለ አረፋ ተነሣ። ደስ አለኝ። ቆሻሻው እየለቀቀ ነው ብዬ ሌላ አራት ሎሚ ጨመርኩበት። እስከ ቀትር ተውኩት።

ሳወጣው ጫፎቹ እጄን አልወጉኝም። እዚያ ላይ ነው መጀመሪያ የፈራሁት። ሲደርቅ ደግሞ ያ ውሃ የመሰለው ነገር ወተት ተጠጥቶበት ያልታጠበ ብርጭቆ መሰለ። በጨርቅ አሸሁት፣ ዘይት ቀባሁት፣ ባሰበት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ ወደ ቡፌው መለስኩት። መዝገብ ቤት እያለሁ ሰነድ አበላሽቶ የደበቀ ሠራተኛ ሲመጣብኝ "ከመዝገብ እውነት አይቀነስም" እያልኩ ቁም ስቅሉን አሳየው ነበር። አሁን እኔው ደበቅሁ።

ቀጀላ ከለቅሶ ሲመጣ ጫማውን ሳያወልቅ ወደ ቡፌው ሄደ። ልማዱ ነው። ድንጋዩን አነሣና ወደ በሩ፣ ወደ ብርሃኑ ወሰደው።

"ምን ነካው?"

"አጠብኩት" አልኩ።

"በምን?"

"በሎሚ። አንተስ በሎሚ አይደል የምታጥባቸው?"

ቀስ ብሎ ተቀመጠ። "አላጥባቸውም፣ ሙሌ" አለ። "እጠይቃቸዋለሁ። አንዲት ጠብታ፣ ከሥር።" ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ሐሙስን ሙሉ "ውሃ ስጪኝ" ከማለት በቀር ድምፁን አልሰማሁም። ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ። አፍሬ ነበር፤ ከማፈሬ በላይ ደግሞ አዘንኩለት።

ዓርብ ጠዋት እጄ ሥራ እንዲይዝልኝ ብዬ ማንቆርቆሪያውን ላጥብ ተነሣሁ። የቀረችውን ሎሚ ቅርፊቱ ላይ ጨመቅኩ። ሽ... አለ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰማሁት ድምፅ ነው። ያን ቀን ግን እጄ ቆመ። ድምፁ የረቡዕው ድምፅ ነው፤ አረፋውም ያው አረፋ ነው።

"ቀጀላ" አልኩ ከኩሽና። "ማንቆርቆሪያው ለምንድን ነው እንደ ድንጋይህ የሚፈላው?"

መጣ። ጎንበስ ብሎ አየ። ከታችኛው በኩል ቅርፊቱን በጥፍሩ ላጠና ደጃፉ ላይ ሄዶ ሃዋኒ በሰጠችው ማጉያ መስታወት ተመለከተው። ሎሚ ጠብ አደረገበት፣ ፈላ። ከቡፌው ኳርትዝ የሚለውን ድንጋይ አምጥቶ ጠብ አደረገበት፣ ዝም አለ። እንደገና ወደ ቅርፊቱ። ሁለት ቀን የተዘጋ ፊቱ ሲከፈት አየሁት።

"ሙሌ፣ ይኼ እኮ ራሱ ነው!" አለ። "ውሃው ድንጋዩን አሟሙቶ ተሸክሞት ይመጣል፤ አንቺ ስታፈዪው ይጥለዋል። ተራራው ውስጥም እንዲሁ ጥሎት ይሆናል፣ ቀስ እያለ። ማንቆርቆሪያ ስትፈገፍጊ ስትውዪ ከእኔ ጋር አንድ ሥራ ላይ ነበርሽ።"

እንዴት ሳላየው ቀረሁ እያለ ተገረመ። እኔም ከሱ ባልተናነሰ ገረመኝ፤ ያን ሁሉ ዓመት የረገምኩት ቅርፊትና የሱ የጅብ ጥርስ አንድ ዘር ናቸው። ጥያቄ ጥያቄን እየወለደ ምሳ ሳንበላ ቀረን። ከቡፌው አንዷን ንጹሕ የካልሳይት ስባሪ አምጥቶ መታወቂያዬ ላይ ሲያስቀምጣት ስሜ ሁለት ሆኖ ታየኝ። ሌላዋን በመዶሻ ቀስ ብሎ መታት፤ ስባሪዎቹ ሁሉ ትልቅም ትንሽም ጎናቸው አንድ ዓይነት የተንጋደደ ነው። "ማን አስተማራቸው?" አልኩት። "እኔም ይህን ነው የምለው" አለኝ። ስንት ዓመት ጠያቂ ሲጠብቅ እንደኖረ ያን ቀን ገባኝ።

ቅዳሜ ሃዋኒ መጣች። ቀጀላ የጅብ ጥርሱን ራሱ አውጥቶ ፊቷ አስቀመጠ። አየችው፣ ከዚያ እሱን አየችው።

"ታጥቦ ነው" አላት። ማን እንዳጠበው አልተናገረም።

"እኔ ነኝ ያጠብኩት" አልኩ። "በሎሚ። ሳልጠይቅ።"

ልጅቷ ደግ ናት፣ ግን አትዋሽም። "ኦቦ ቀጀላ፣ ለቁም ሣጥኑ አይሆንም። ጫፉም ገጹም ሄዷል። በጣም አዝናለሁ" አለች። እሱም "ገብቶኛል" አለ። ሌሎቹንም አንድ በአንድ አየቻቸው። መልካም ናቸው፣ ግን እዚያ የሚገባ ያህል ትልቅ የለባቸውም። ቀጀላ ያኔ የማንቆርቆሪያውን ቅርፊት በወረቀት ጠቅልሎ ሰጣት። "ይህን ደግሞ ያገኘችው ሙሉወርቅ ናት" አለ። ሃዋኒ ፈታ አየችውና ሳቀች። "ልክ ናችሁ፣ ይኸው ራሱ ነው። ለተማሪዎቼ አሳያለሁ" ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ቀጀላ እስከ መንገዱ ሸኝቷት ተመለሰ። ትከሻው ወርዷል።

እኔ ጠረጴዛው ላይ ካርቶን ቆርጬ፣ እስክሪብቶዬን አውጥቼ ጠበቅሁት። "ና ቁጭ በል" አልኩት። "የት፣ መቼ፣ ማን። ንገረኝ፣ ልጻፍ።"

እስከ ማክሰኞ ጻፍን። ስለ እያንዳንዱ ድንጋይ የሚያስታውሰው ነገር አለ፤ ወደ ሸነን በሚወስደው መንገድ ላይ ዝናብ እየደበደበው ያገኘው፣ የአዲስ ዓለሙ የነጠላ ድንጋይ፣ ሁሉም። መጨረሻ ላይ የጅብ ጥርሱን አመጣና ፊቴ አስቀመጠው።

"ጻፊ" አለ። "ካልሳይት። ከጉደር ወዲያ፣ ከካባው ግድግዳ። የካቲት 2013። ያገኘው፣ ቀጀላ ዋቆ።"

ስሙን ከሌሎቹ ሁሉ አስበልጬ፣ አሳምሬ ጻፍኩ። እስክሪብቶውን ልከድን ስል እጄን ያዘኝ።

"አልጨረስሽም። ያጠበችው፣ ሙሉወርቅ ሌታ።"

"ይህንን አልጽፍም" አልኩ።

"ሃያ ስድስት ዓመት ከመዝገብ እውነት አይቀነስም ስትዪ አልነበር?"

ጻፍኩት። ቶሎ እንዲያልፍልኝ ስለቸኮልኩ ከመቶ አርባ ሁለቱ ጽሑፍ አስቀያሚው የኔ ስም ነው። ቀጀላ ካርዱን ተቀበለኝና በየግንቡ ላይ እንደሚያደርገው እስከ መጨረሻው መስመር አነበበው። ከዚያ ድንጋዩን ቡፌው መሃል አስቀመጠና ካርዱን ከሥሩ አቆመው።