ሳይረን ስሰቅል የጠራኝ

ነገሩ የሆነው ዐምና በዐቢይ ጾም ነው። ሌላ ሰው ሲያወራው ብሰማ ኖሮ እኔው ራሴ እስቅበት ነበር። አሁን ግን መሰላል ላይ በወጣሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ሥራዬ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የቤት ካሜራና የሌባ ማስጠንቀቂያ መግጠም ነው። ያን ቀን የሄድኩት ብቻቸውን ወደሚኖሩ አንዲት እማሆይ ቤት ነበር። ሌባ እንዳይገባባቸው ሰግታ የደወለችልኝ ባሕር ዳር ያለችው ልጃቸው ናት።

ዋናውን ሳጥን ሳሎን ውስጥ ገጠምኩና ገመድ አልባውን ሳይረን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ከሳጥኑ ጋር አገናኘሁት። እማሆይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ያዩኛል።

«ያለ ገመድ በምን ይሰማዋል?» አሉኝ።

«በአየር ነው የሚነጋገሩት፣ እማሆይ።»

አማተቡ። «እንግዲያው ሳትነግረኝ እንዳታስጮኸው፤ እደነግጣለሁ» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

እኔም ሳይረኑን ይዤ ወደ ግቢው ወጣሁና መሰላሌን የቤቱ ግድግዳ ላይ አስደግፌ ወጣሁበት። ቀትር ነበር፤ ሰፈሩ ጭር ብሏል። ሳይረኑን ከጣሪያው ሥር በብሎን እያጠበቅሁ ሳለ አንድ ድምፅ «ይበልጣል!» ብሎ በስሜ ጠራኝ።

እኛ አገር በቀትር ጠሪን ሳያዩ አቤት አይባልም። ሰዓቱ የጋኔን ነው፤ አቤት ያለ ይለከፋል ይባላል። እናቴ ይህን ስትነግረኝ አሾፍባት ነበር፤ በባትሪና በሽቦ እንጂ በምን አምናለሁ! ያን ጊዜ ግን አፌ በራሱ ጊዜ ተዘጋ። ዞር ብዬ ባይ ግቢው ባዶ ነው፣ የአጥሩም በር ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው።

ሥራዬን ቀጠልኩ።

«ይበልጣል!» አለ እንደገና፤ አሁንማ ከመሰላሉ ሥር ነው። ቁልቁል አየሁ፤ ማንም የለም። መፍቻው ከእጄ አመለጠ።

ብቻዬን መሆኑን ፈርቼ ወረድኩና ሰው ፍለጋ ወደ ቤት ገባሁ። «እማሆይ!» ብል መልስ የለም። ጓዳ ስገባ መሬት ላይ ተዘርረዋል። ላብ አጥምቋቸዋል፤ ዐይናቸው ተገልጧል፣ አፋቸው ግን አይናገርም።

የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ኪሴ ውስጥ የነበረውን ሪሞት ተጫንኩት፤ ሳይረኑ ጮኸ። ሰፈሩ ሌባ ገባ ብሎ ዱላና መጥረቢያ ይዞ አጥር እየዘለለ ደረሰ። አንዱማ ሌባው እኔ መስዬው አንገቴን አንቆኝ ነበር። ተጋግዘን በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናቸው።

ስኳራቸው ወርዶ ነበር። የንስሐ አባታቸው ብሉ ቢሏቸውም እሳቸው በጄ አላሉም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። የስኳር መርፌያቸውን ግን ጠዋት ተወግተዋል። ሐኪሙ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አይተርፉም ነበር አለን።

በማግስቱ ልጠይቃቸው ሄድኩ። «እንኳንም ጠሩኝ፣ እማሆይ» አልኳቸው።

ግራ ገብቷቸው አዩኝ። «እኔ? ምላሴ ተሳስሮ የእመቤቴን ስም እንኳ መጥራት አቅቶኝ ነበር፣ ልጄ። ደግሞስ ስምህን መቼ ነገርኸኝ? ለመሆኑ ማን ልበልህ?»

እውነታቸውን ነው፤ አልነገርኳቸውም።

ጓደኞቼ ጎረቤት ይሆናል የጠራህ ይሉኛል። በዚያ ሰፈር የሚያውቀኝ ሰው የለም። ፍርሃቱ ውሎ አድሮ ለቀቀኝ። አሁን የሚከነክነኝ ሌላ ነው፤ የጠራኝ ማንም ይሁን ማን፣ ለሰው ነፍስ ብሎ ሁለቴ ሲጣራ አንዴ እንኳ አቤት አላልኩትም።