አብዱ ፀሐይ የሞቀበት መስኮት

መካነ ሰላም ጤና ጣቢያ ነርስ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ ኃላፊያችን አቶ ታደሰ ማዳመጫና ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት ሰጡኝ። "ልጅ ሲያስል መጀመሪያ ትንፋሹን ቁጠሪ፤ ሙሉ ደቂቃ" አሉኝ። ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው።

ሰአዳ የመጣችው ሥራውን ከለመድኩና አፌም ደፈር ካለ በኋላ ነው። አራት ዓመት ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ ፀሐይ ሳያያት ኖራ፣ ተመልሳ አግብታ የወለደች ናት። ሰፈሩ "ፈክተሽ መጣሽ" ስላላት ያለ ጥላ ከደጅ አትወጣም። የሰባት ወር ልጇን አብዱንም ምች እንዳይመታው እቤት ታኖረዋለች። "ደግሞ ይጠቁርብኛል" አለችኝ፣ አፍራ እየሳቀች።

አብዱን ጉንፋን በያዘው ቁጥር ደረቱ ላይ ይወርድበታል። የእጁ አንጓ ወፍሯል፤ የጎድን አጥንቶቹ ጫፍ አባብጦ በጣት ይቆጠራል። ሪኬትስ ነው፤ ቫይታሚን ዲ ሲያንስ የሚመጣ የአጥንት መለስለስ። ጎድኑ የለሰለሰ ልጅ ደግሞ በደንብ አስሎ አክታውን አያወጣም። የቫይታሚኑ መርፌ እኛ ዘንድ አልነበረም። ለሳሉ መድኃኒት ሰጥቼ "ጠዋት ጠዋት አሥር ደቂቃ ፀሐይ አሙቂው" ብዬ ሰደድኳት። ነርስነት ስማር ደብተሬ ላይ የጻፍኩት እንደዚያ ነበር።

በወሩ ተመለሰች። ትንፋሹን ብቆጥር በደቂቃ ስልሳ ስምንት፤ በሱ ዕድሜ ሃምሳ መድረስ አልነበረበትም። ደነገጥኩ፤ ስደነግጥ ደግሞ እቆጣለሁ።

"አላሞቅሽውም ማለት ነው።"

"ወላሂ ሲስተር፣ አንድም ቀን አላስቀረሁም።"

አላመንኳትም። ልጁን አልጋ ይዘን ጤና ጣቢያው አስተኛነው። አቶ ታደሰ መርፌውን ከደሴ አስመጡለት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ቤቷን አይተሻል?" አሉኝ። አላየሁም። "እንግዲያው ምኑን ነው የምትቆጪያት?"

አብዱ በስድስተኛው ቀን ሲሻለው ቤታቸው አብሬ ሄድኩ። በጅዳ ገንዘብ የተሠራ፣ ሰፋፊ የመስታወት መስኮት ያለው ቤት ነው። ከመስኮቱ ሥር ምርጡን ብርድ ልብሷን አንጥፋለች። "እዚህ ነው የማሞቀው። መስኮቱን ዘግቼ፣ ልብሱን አውልቄ። ነፋስም ምችም አያገኘውም" አለችኝ።

በመስታወት ሙቀቱ እንጂ ቫይታሚኑን የሚሠራው ጨረር አያልፍም። ይህን አልነገርኳትም። አሥር ደቂቃውም ለነጭ ቆዳ የተለካ ነው፤ የኛ ጠይም ቆዳ ጨረሩን ስለሚያግድ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። አንድ ቀን ዘግይታ ቢሆን አብዱን እናጣው ነበር። አፈርኩ። "ጥፋቱ የኔ ነው፤ አፉ በይኝ" አልኳት።

ልጇን ታቅፋ ግቢ ወጣች፤ መሬት ላይ ተቀምጣ ልብሱን አወለቀችለት። ቆየት ብላ ቀና አለችና "እኔስ ሲስተር? የማጠባው እኔ ነኝ። አራት ዓመት ፀሐይ አላየሁም እኮ" አለችኝ።

ስለ እሷ አላሰብኩም ነበር። እናት ራሷ ያጣችውን ቫይታሚን ወተቷ ለልጁ አይሰጥም። ልጁን ሁለት ጊዜ መርምሬ እናቱን አንድም ቀን አላየኋትም። እዚያው አጠገቧ ተቀምጬ የእጇን አጥንት ጫን ጫን አደረግኩት፤ አመማት። የእሷም አጥንት ለስልሶ ነበር።

ሁለቱም ዳኑ። ከዚያ ወዲህ የሚጠባ ልጅ ሲመጣልኝ ካርድ የማወጣው ሁለት ነው።