የኦላና ዲሽና ጣሳ

ባሌን «ምስኪን» ያለ ሰው እኔ ቤት ሻይ አይጠጣም። ይሄን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አንዲት የጸሎት ቤት እህት ሶፋዬ ላይ ተቀምጣ፣ እሱ እፊቷ እያለ፣ «ይሄ ምስኪን ምሳ በላ?» ብላ እኔን ጠየቀችኝ። «እሱን ጠይቂው፤ የተጎዳው እግሩ ነው፣ ጆሮው ደህና ነው» አልኳት። ሻይዋን ሳትጨርስ ሄደች። ትሂድ!

ሙሉ እባላለሁ። ሾላ ገበያ ሽንኩርትና ድንች እሸጣለሁ። ባሌ ኦላና ይባላል። ሁለታችንም የጊምቢ ልጆች ነን፤ የተዋወቅነው ግን እዚሁ አዲስ አበባ፣ መዘምራን ውስጥ ነው። ኦላና ዲሽ ሠሪ ነበር። ጣሪያ ላይ ወጥተው ዲሹን ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ እያሉ፣ «መጣ?» ብለው ሲጮኹ ከታች ደግሞ «አልመጣም!» ሲባሉ የምትሰሟቸው፣ ከነሱ አንዱ። ከየካ አባዶ እስከ ቦሌ ቡልቡላ እሱ ያልወጣበት ጣሪያ የለም ማለት ይቻላል።

ቡልቡላ አንድ ቤት ላይ እንደወጣ የበሰበሰ ቆርቆሮ ከሥሩ ተቀደደና ወደቀ። ነፍሱ ተረፈች፣ እግሮቹ ግን እምቢ አሉ። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አደረጉ። እኛም ጾምን፣ ጸለይን። እግሩ አልተመለሰም። እኔና ጌታ በዚህ ጉዳይ ገና ንግግራችንን አልጨረስንም።

ቤታችን አራተኛ ፎቅ ነው። የኮንዶሚኒየሙ ዕጣ ሲወጣልን «ከፍ ያለ ነው፣ ንጹህ አየር አለው!» ብለን ዘለልን። ሊፍት እንደሌለው ያኔ ማን አሰበው? ኦላና ከወደቀ በኋላ ያ ደረጃ ጠላቴ ሆነ። እሁድ እሁድ የጸሎት ቤት ወንድሞች መጥተው በብርድ ልብስ ተሸክመው ያወርዱት ነበር። አንድ እሁድ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዲት እናት ከገበያ ሲመለሱ አገኙን። ብርድ ልብሱን አዩ፣ ዘንቢላቸውን ጣሉና «ወይኔ ልጄን! መቼ አረፈ?» ብለው ደረታቸውን መቱ። ኦላና አንገቱን ብቅ አድርጎ «ገና ነኝ፣ እማማ» አላቸው። ሴትዮዋ በድንጋጤ ሊወድቁ! ወንድሞች ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ቤት ስንመለስ፣

«ከእንግዲህ ማንም አይሸከመኝም» አለኝ።

«ታዲያ እንዴት ልትወርድ ነው?»

«አልወርዳማ።»

አልወረደም። ክረምቱ መጣ፣ ሄደ፤ አልወረደም። ለመንኩት፣ አለቀስኩ፣ ሰደብኩት። ከመኝታ ቤት እስከ ኮሪደር፣ ከኮሪደር እስከ መኝታ ቤት፣ በቃ። ዝም ማለትም ጀመረ። ከሁሉ ያስፈራኝ ዝምታው ነው።

አንድ ቀን ከሾላ ስመለስ ደረጃው ላይ እያለሁ ዷ! ዷ! የሚል ድምፅ ሰማሁ። ምን ወደቀ ብዬ ሮጥኩ። ኦላና ኮሪደሩ ላይ ዊልቸሩ ውስጥ ተቀምጦ፣ አልጋ ሥር አቧራ ሲጠጣ የኖረውን አሮጌ ዲሽ ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ በመክተፊያዬ የቴኒስ ኳስ ይመታል።

«አንተ! መክተፊያዬን!»

«ሙሌ፣ እይማ፣ እይማ! ትመለሳለች!»

ፊቱን አየሁት። ላብ በላብ ሆኗል፣ ይስቃል። እንደዛ ሲስቅ ካየሁት ቆይቶ ነበር። መክተፊያውን ተውኩለት፤ የዚያን ቀን ሽንኩርቱን ሰሃን ላይ ከተፍኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኳስ ግድግዳ ስትመታ ወደ ፈለገችበት ትሄዳለች። መራመድ ለማይችል ሰው ማን እየሮጠ ያመጣለታል? ዲሽ ግን ጎድጓዳ ስለሆነ ዳሩ ላይ ብትመታውም ወደ መሃል ይልካታል። «ዱሮም ሥራው ይሄው ነው፤ የመጣለትን ሰብስቦ አንድ ቦታ ማድረስ» አለኝ ኦላና፣ ልክ ዲሹ ዘመዱ የሆነ ይመስል።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍም የለው። የቴኒሷ ኳስ በጣም ነጣሪ ሆነችና ኮሪደሩን አልፋ ግቢ ውስጥ ትወድቃለች፤ ተዋት። የካልሲ ኳስ ሠራ፤ እሷ ደግሞ ዲሹን ጧ አድርጋ እዚያው ሥሩ ተኛች። በመጨረሻ በካልሲው ላይ የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ በቀጭኑ እየቆረጠ ጠመጠመበት። እሷ ተስማማችው፤ ትመለሳለች፣ ግን አትፈነጭም። መክተፊያዬ ለእጁ ከብዶ አንጓውን ሲያሳብጠው፣ ታች ያለው አናጢ ከስስ ጣውላ ሌላ መምቻ ቆረጠለት። ተሰነጠቀ። ሁለት ጣውላ አጣብቆ እጀታውን በላስቲክ ጠቀለለው። እሱ እስከ ዛሬ አለ።

ዲሹ ፊት ለፊት አንድ ክንድ አለው አይደል? እላዩ ላይ ዓይን የምትመስል ነገር የምትታሰርበት። ዓይኗን ፈታና በቦታዋ የቲማቲም ድልህ ጣሳ አሰረ። ጨዋታው ተወለደ። ዲሹን ከመታህ አንድ ነጥብ። ኳሷ ከዲሹ ተመልሳ ጣሳውን ከመታች፣ ዷ-ቃ! ካለች፣ አምስት ነጥብ። በቀጥታ ጣሳውን ከመታህ ምንም። አንድ ሕግ ደግሞ አለ፤ የሁሉም አባት እሱ ነው፤ ሁሉም ሰው ተቀምጦ ነው የሚጫወተው፣ መቀመጫው ከወንበሩ የተነሳ ነጥቡን ያጣል።

«ይሄን ሕግ ለምን አደረግከው? ለራስህ እንዲመችህ ነው አይደል?» አልኩት እየነካካሁት።

«ቆመው እላዬ ላይ ሲመቱ እኔ የማየው ሆዳቸውን ነው» አለኝ። «ፊታቸውን እያየሁ ነው መጫወት የምፈልገው።»

ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ጎረቤት በድምፁ ተቆጥቶ ይመጣል፣ ወንበር ይሰጠዋል፣ መምቻ ይሰጠዋል፣ ሊከስ የመጣው ሰው ተራ ሲጠብቅ ይመሻል። ኮሪደራችን የሠርግ ቤት መሰለ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ባሌን ማንም ምስኪን አላለውም። እየተሸነፉ እንዴት ብለው ይበሉት?

ከሁለተኛ ፎቅ ቢሩክ የሚባል ወጣት ይመጣ ነበር፤ ቦሌ፣ ዝግጅት የሚያዘጋጅ ድርጅት ውስጥ ነው የሚሠራው። «ብሮ፣ ይሄ ነገር ክሬዚ ነው!» ይላል፣ ኦላና በሃያ ነጥብ እየመራው። የግቢያችን ኮሚቴ ሊቀመንበር አቶ አያሌውም መጡ። ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ ቆሻሻ ሊጥሉ ሲወርዱ እንኳ ክራቫት ያስራሉ። አልተቀመጡም። በር ላይ ቆመው አይተው አይተው፣ ሄዱ።

በሳምንቱ ከቢሩክ ጋር ተመልሰው መጡ።

«ልጄ ኦላና፣ ጨዋታህ ደስ ይላል። ለጎረቤት ቀን ግቢው ውስጥ ልናደርገው ነው። ዲሽም መምቻም ቢሩክ አዘጋጅቷል። አንድ ነገር ብቻ እናስተካክላለን፤ ሰዉ ቆሞ ይጫወት። ጤነኛ ሰው ምን ሆኖ ይቀመጣል?»

«ኤነርጂ እንዲኖረው ነው፣ ብሮ» አለ ቢሩክ፣ ወለሉን እያየ።

«እኔስ?» አለ ኦላና።

«አንተማ የክብር እንግዳችን ነህ! ከዚህ ከላይ ሆነህ ትመለከታለህ። በማይክ ስምህን እንጠራለን።»

እኔ መቻል አልቻልኩም። «ስሙን አውርዳችሁ እሱን እዚህ ልትተዉት? ይሄ ነው ክብሩ? እርስዎ ትልቅ ሰው አይደሉም እንዴ ጋሼ!» አልኳቸው።

«ወይዘሮ ሙሉ፣ ኮሚቴው ወስኗል።»

ኦላና ድምፁን ሳያነሳ «ወንበር ከሌለው የኔ ጨዋታ አይደለም» አላቸው። ሰሙት፤ ግን እንዳልሰሙ ሆነው ወረዱ።

የጎረቤት ቀን ቅዳሜ ዋለ። ግቢው ድንኳን ተተክሎበት፣ ሙዚቃ ተከፍቶ፣ አዲሱ ዲሽ በቀለም ተሽሞንሙኖ ቆሟል። ሁሉም ቆመው እየዘለሉ ይመታሉ። ኦላና ከኮሪደሩ አጥር ላይ አገጩን አስደግፎ ያያል። እኔ ሆን ብዬ ድስት እያንኳኳሁ እቃ አጥባለሁ፤ እንዳልሰማ ነው። አቶ አያሌው ማይኩን ያዙ።

«የዚህ ጨዋታ ፈጣሪ፣ ምስኪኑ ወንድማችን ኦላና፣ ከላይ ሆኖ እየተመለከተን ነው! እናጨብጭብለት!»

ግቢው በሙሉ ወደ ሰማይ አንጋጦ አጨበጨበ። ድስቱ ከእጄ ወደቀ። ኦላና ወደ እኔ ዞረ።

«ሙሌ፣ ደግመው ገደሉኝ» አለኝ። «የፕላስቲክ ወንበሩን ያዢ።»

ከዊልቸሩ ወደ ወለሉ ወረደ። መምቻውን ከኋላው ቀበቶው ውስጥ ሻጠ። ከዚያ ደረጃው። በእጁ አንዱን እግሩን አንስቶ ወደ ታች ያስቀምጣል፣ ሌላኛውን ያስከትላል፣ ከዚያ በሁለት መዳፉ ራሱን አንስቶ ይወርዳል። እንደገና እግር፣ እንደገና እግር፣ እንደገና መቀመጫ። እጄን ሰደድኩ።

«እጅሽን ሰብስቢ!»

ሰበሰብኩ። ወንበሩን ታቅፌ ከኋላው እወርዳለሁ። ከንፈሬን ነክሼ ደም ቀመስኩ። ሁለተኛ ፎቅ፣ ያቺ እናት ዘንቢላቸውን የጣሉበት ቦታ ስንደርስ ትንሽ አረፈና ተነፈሰ። ቀጠለ።

ወደ ግቢው ሲወጣ ሱሪው ተቀዶ፣ መዳፉ ቆሽሾ ነበር። ሙዚቃውን አንድ ሰው ዘጋው። የተቀመጡት ሽማግሌዎች ሁሉ ብድግ አሉ። ለትልቅ ሰው ሲሆን «ኖር!» ተብሎ ይነሳል፤ ይሄ መነሳት ግን የዚያ ዓይነት አልነበረም። «ውይ ምስኪን!» «ያዙት እንጂ!» «ምን ሆነ?» እያሉ ወደ እሱ ተጋፉ። «ዞር በሉ! መንገድ ስጡት!» ብዬ ጮኽኩ። ጩኸቴን የሚያውቅ ሁሉ ዞር አለ።

አፈሩ ላይ ራሱን እየገፋ ኳስ እስከሚመታበት መስመር ደረሰ። ወንበሩን አስቀመጥኩ። በክንዱ ተስቦ ወጣና ተቀመጠ፣ አቧራውን ከደረቱ አራገፈ።

«አቶ አያሌው፣ ወንበር ይሳቡና እንጫወት» አለ።

«እኔ? ልቀመጥ?»

«ጨዋታው እንደሱ ነው።»

ሽማግሌው ማይኩን እንደያዙ ቀሩ። እኔ ከድንኳኑ አንድ ወንበር አምጥቼ ከጉልበታቸው ኋላ ገፋ አደረግኩት። «ይቀመጡ ጋሼ፣ ወንበሩ አይነክስም» አልኳቸው። ተቀመጡ።

ኦላና መታ። ዷ-ቃ! አቶ አያሌው መቱ፤ ኳሷ ዳር ነካች፣ እሳቸውም እሷን ሊከተሉ ብድግ።

«ተነስተዋል! ነጥብ የለም!» የጮኸው ቢሩክ ነው።

ደግመው መቱ፣ ደግመው ተነሱ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ሰውዬው ተናደው ክራቫታቸውን ወደ ትከሻቸው ወረወሩና በግራ እጃቸው የወንበሩን እግር ጨብጠው መምታት ጀመሩ። ምኑ ቅጡ! በየቤቱ ያለው ወንበር ወረደ፤ በርጩማው፣ ዱካው፣ አንዷማ የሶፋዋን ትራስ ይዛ መጣች። ቢሩክ ተሰልፎ ተራ ያዘ፣ በወንበሩ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ቆሞ የመታ ሰው አላየሁም። ምስኪን የሚልም አልሰማሁም፤ «ይሄ ሰውዬ አይምርም እንዴ!» ሲሉት ነው የሰማሁት።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ የኦላና ክንድ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። መውረዱን ወረደ፤ መውጣቱ ነው ነገሩ። አራት ፎቅ በመዳፍ! ልቤ ደረጃው ላይ ነበር። ዛሬ ከተሸከሙት ዳግመኛ እንደማይወርድ አውቄዋለሁ፤ ነገም፣ ከርሞም።

«በሉ፣ እኔ ልግባ» አለና ከወንበሩ ወደ መሬት ወረደ።

ሁሉም በአንዴ ብድግ አሉ። ቢሩክ እጅጌውን ሰበሰበ፣ አቶ አያሌው እጃቸውን ዘረጉ፣ ከኋላ አንዱ «ብርድ ልብስ አምጡ!» አለ። ብርድ ልብስ! ኦላና መምቻውን ከፍ አድርጎ ያዘ።

«የተነሳ ነጥቡን ያጣል!»

እርስ በርስ ተያዩ። አቶ አያሌው እጃቸውን እንደዘረጉ ትንሽ ቆዩ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ወንበራቸው ላይ ተመለሱ፣ ቢሩክንም በሸሚዙ ሳቡት። «ተቀመጥ አንተ! አልሰማህም?» ግቢው ሁሉ ተቀመጠ።

ኦላና ጀርባውን ለደረጃው ሰጠና ጀመረ። መዳፍ፣ መቀመጫ፣ እግር፣ እግር። ወንበሩን ይዤ ከታች ተከተልኩት። አለቀስኩ፤ አዎ አለቀስኩ፣ ምን ይጠበስ! ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሊያርፍ ግድግዳውን ተደገፈ። ፊቱ አመድ መስሏል። እንዲህ እያለ ከታች ዷ-ቃ! የሚል ድምፅ መጣ፣ የአቶ አያሌው ጩኸትም ተከተለ።

«ሳልነሳ ነው! አያችሁ? ሳልነሳ!»

ኦላና ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ።

«ነገ ወርጄ አሳያቸዋለሁ» አለ።