ሳያመኝ የጮህኩት

እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ ይህን ነገር ከባሌና ከአንዲት አዋላጅ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ንስሐ አባቴም አልሰሙትም። ስለ ሐሜቴ፣ ስለ ቁጣዬ፣ ስለሻርኩት ጾም ስናዘዝ ኖሬ ይህቺን አንዷን ምላሴ ሥር ይዣት እመለስ ነበር። አሁን እናንተ ስሙኝ። ግን ቶሎ ብላችሁ አትዘኑልኝ፤ መጀመሪያ የምነግራችሁ የማልጸጸትበትን ነው።

ልጄን ስወልድ የወገብ መርፌ ተወግቻለሁ። ሐኪሞቹ ኤፒዱራል የሚሉትን፣ የምጥን ሕመም የሚያደነዝዘውን። ተወጋሁ፣ ደግ አደረግኩ፣ ነገም ብወልድ እወጋለሁ። ለዚህ ይቅርታ እንድጠይቅ የሚጠብቅ ካለ እዚህ ላይ ማንበቡን ይተወው፤ አልጠይቅም። በደሌ ሌላ ነው።

የምኖረው ታቦር ክፍለ ከተማ ነው። መናኸሪያ አካባቢ የመጋረጃ ሱቅ አለኝ፤ ምላሴን ደንበኞቼ ያውቁታል። አማቴ እማማ ወርቄ ስምንት ልጆች ቤታቸው ውስጥ የወለዱ ሴት ናቸው። ስምንቱንም እንዴት እንደወለዱ በቃሌ ልነግራችሁ እችላለሁ፤ አንዱ ወፍጮ ቤት ወረፋ ሲጠብቁ ነው የጀመራቸው። በሰፈራችን አራስ ጥየቃ ገንፎ ሲበላ ወሬው ይሄው ነው። እያንዳንዷ የራሷን ምጥ ታወራለች። ምጡን ችላ የወለደችው ጀግና ትባላለች። በኦፕራሲዮን የወለደችውን ደግሞ "ምስኪን" ይሏታል፣ ልጇን ከጎረቤት የተዋሰች ይመስል።

የእኔ ምጥ የጀመረው ማለዳ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ቻልኩት። ቻልኩት ስል እዚህም መዋሸት ልጀምር ነው እንዴ? አልቻልኩትም። የአልጋውን ብረት ነክሻለሁ፤ ባሌን ታደለን ሰድቤዋለሁ። ከዚያ በምርመራ ጊዜ ሐኪሙ ስለ መርፌው የነገረኝ ትዝ አለኝና "አምጡልኝ" አልኩ። ወረቀቱን ራሴ ፈረምኩ። ታደለ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ "እማዬ ብትሰማስ?" አለኝ።

"ከአንተ ካልሰማች ከማን ትሰማለች?" አልኩት። ገና ባልተወለደው ልጁ አስማልኩት።

አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጠው እንደ ድመት ጀርባሽን አጉብጪ አሉኝ። ወገቤን በቀዝቃዛ ነገር ጠረጉት፣ ወጉኝ፣ ቀጭን ቱቦ በፕላስተር ጀርባዬ ላይ ለጠፉልኝ። ሩብ ሰዓት ገደማ ሲሆን ምጡ በሩቅ አስፋልት ላይ እንደሚያልፍ የጭነት መኪና ሆነ፤ መምጣቱን አውቃለሁ፣ እኔን ግን አይነካኝም። አለቀስኩ። እንዲያ ደስ ብሎኝ አልቅሼ አላውቅም።

እማማ ወርቄና ሁለት ጎረቤቶች ከበሩ ውጭ ነበሩ። እኔ በጮህኩ ቁጥር "ማርያም! ማርያም!" እያሉ ሲቀበሉኝ ነው ያረፈዱት። አሁን ዝም ስል ጊዜ ተደናገጡ። "ምነው ልጄ ዝም አለች? ሲስተር፣ ምን ሆናብኝ ነው?" አሉ እማማ። አዋላጇ ልትነግራቸው ወደ በሩ ስትሄድ ጋውኗን ይዤ አስቀረኋት።

ሆዴ ላይ የታሰረ መሣሪያ ነበር። ምጥ ሲመጣ ስክሪኑ ላይ መስመሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ሲያልፍ ይወርዳል። መስመሩ ሲወጣ ጠብቄ "ወይኔ እናቴ!" ብዬ ጮህኩ። ከውጭ "ማርያም! ማርያም!" አሉ፣ እፎይ ብለው። ሲወርድ ዝም አልኩ። ሲወጣ ደግሞ ጮህኩ። አዋላጇ አፏን በእጇ ሸፍና፣ "አንቺ ቲያትር ቤት ነው እንዴ የምትሠሪው?" አለችኝ። እኔም ሳቅኩ። እየሳቅኩ ነው በደሉን የጀመርኩት። ልጄ ናትናኤል አሥር ሰዓት ላይ ተወለደ።

በገንፎው ቀን ሴቶቹ እንኳን ማርያም ማረችሽ እያሉ ገቡ። እውነት ነው፣ ማረችኝ። ምሕረቷ በመርፌ አይመጣም ያለው ማነው? ይህን ያኔ ብል ኖሮ ዛሬ የምናዘዘው ባልኖረኝ። እኔ ግን ያላማጥኩትን ምጥ አወራሁ። እማማ ወርቄ "አንበሳ ናት! ግድግዳው እስኪሰነጠቅ ጮኸች፣ ግን ቻለችው!" እያሉ አጀቡኝ። በሚቀጥለው ቤት ገንፎ ሲበላ ደግሜ አወራሁት፣ በሦስተኛው ጨመርኩበት። ውሸት ሲደጋገም ይለመዳል፤ እኔ ራሴ ወገቤን እስኪያመኝ አመንኩት።

እስከዚህ ድረስ የጎዳሁት ሰው የለም ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ እል ነበር።

ማህሌት ታናሽ እህቴ ናት። እናታችን ስትሞት ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ፀጉሯን ያበጠርኩት፣ ትምህርት ቤት ያደረስኳት፣ የዳርኳት እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትሠራለች፣ ከባሏ ከጌታሁን ጋር ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ነው ቤቷ። እታለም ነው የምትለኝ። እታለም ያለችው ነገር ለእሷ አለቀ ማለት ነው።

የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ሆና ሱቅ መጣች። የተጠቀለለ መጋረጃ ላይ ቁጭ አለች፣ ሆዷን አቅፋ። "እታለም፣ ዶክተሩ የወገብ መርፌ ትፈልጊያለሽ ወይ አለኝ። ጌታሁን አንቺ የፈለግሽውን አድርጊ ብሎኛል። እኔ ፈርቻለሁ። እውነቱን ንገሪኝ፣ ያለ መርፌ ይቻላል?"

እውነቱን ንገሪኝ አለችኝ። ሱቁ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም። እማማ ወርቄ አልነበሩም። ጎረቤት አልነበረም። የሚያስፈራኝ፣ የሚያስገድደኝ፣ በኋላ ላሳብብበት የምችለው አንድ ሰው እንኳ አልነበረም።

"ይቻላል" አልኳት። "እኔ ችዬው የለ?"

ይኸው ነው በደሌ። ደግሜ ልበለው፦ እኔ ነኝ ያልኩት። ለምን? ፈርቼ ነው እንዳልል ማንን? ጀግና መባሉ ጥሞኝ ነበር። በገዛ እጄ ያሳደግኳት ልጅ ዓይን ውስጥ ትልቅ ሆኜ መታየቱ ጥሞኝ ነበር። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ብለን በሰው እንስቃለን፤ እኔ ያላየሁትን አላስተማርኩምን? ፊቷ በራ፣ ሳመችኝና ሄደች።

ምጧ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀመራት። ጌታሁን መቆም አቅቶት ወጣ፤ እኔ እጇን ይዤ ገባሁ። አምስት ሰዓት ላይ ሐኪሙ መጥቶ፣ "ማህሌት፣ ሐሳብሽን አልቀየርሽም? መርፌው አሁንም ይቻላል" አላት። በአገጯ ወደ እኔ አመለከተችው። "እሷ ያለ መርፌ ነው የወለደችው" አለች።

ሐኪሙ አየኝ። እኔም በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ።

አፌን ከፍቼ አልዋሸሁም፣ ራሴን ብቻ ነቀነቅኩ ብዬ ራሴን ያጽናናሁባቸው ቀናት ነበሩ። ምን ዓይነት ሰው ነው በዚህ የሚጽናና? አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚያስፈልጋት፤ ማህሌት፣ እኔ ተወግቻለሁ። ሦስት ቃል። በየሰዓቱ ጉሮሮዬ ድረስ መጣች፣ በየሰዓቱ ዋጥኳት። እጇ ሲያልበው በሶፍት አደርቅላታለሁ፣ ውኃ አጠጣታለሁ፣ "አይዞሽ" እላታለሁ። ሶፍትና ውኃ ላይ ቸር ነበርኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እሷው ራሷ "መርፌውን ስጡኝ" ብላ ጮኸች። አዋላጇ አይታት፣ "አሁንማ ደርሰሻል የኔ ቆንጆ፣ ጊዜው አልፏል" አለቻት። ማህሌት ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞረች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ነበር።

"እንዳንቺ አልሆንኩም" አለችኝ። "አሳፈርኩሽ፣ እታለም።"

እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። እናትም ልጅም ደህና ነበሩ። ግን በገንፎዋ ቀን ሁሉም የምጧን ወሬ ሲጠብቁ፣ "እኔ እንደ እታለም አይደለሁም፣ ፈሪ ነኝ" አለችና ሕፃኗን ወደ ማጥባት ዞረች። ሁለተኛ አልወልድም ብላለች። ጌታሁን ሱቅ ድረስ መጥቶ "አንቺ ምከሪያት፣ አንቺን ነው የምትሰማው" ብሎኛል። መከርኳት እኮ! ቁጭ ብዬ መከርኳት፣ ያቺን ሦስት ቃል ግን አሁንም አላወጣኋትም።

ያለፈው ቅዳሜ ጎረቤት ቤት ገንፎ ተጠርተን ማህሌትም ከልጇ ጋር መጥታ ነበር። ሐያት የምትባል ነፍሰ ጡር ጎረቤት አለችን፣ የመጀመሪያዋ ነው፣ ወሯ ገብቷል። ቀስ ብላ፣ "ዶክተሩ የወገብ መርፌ አለ ብሎኝ ነበር፣ ምን ትሉኛላችሁ?" አለች።

"ኤዲያ!" አሉ እማማ ወርቄ። "በጭንቅ ትወልጃለሽ ነው የተባለው! መርፌ ተወግቶ እናት መሆን አለ እንዴ? ይቺን ጠይቂያት። ንገሪያት እንጂ ልጄ!"

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ሐያት ታየኛለች፤ ማህሌት ሱቅ ውስጥ ባየችኝ ዓይን።

"እማማ፣ እኔ ተወግቼ ነው የወለድኩት" አልኩ። "የሰሙት ጩኸት የውሸት ነው። እርስዎ እንዳይደነግጡ ብዬ ጀመርኩት፣ ከዚያ በኋላ ግን ወድጄው ነው የቀጠልኩበት።"

እማማ ወርቄ ወደ እኔ ዞሩ። "ታዲያ ልጁን ማን ወለደው?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ የወለድኩት፣ እማማ። ዘጠኝ ወር የተሸከምኩትም፣ ያማጥኩትም እኔ ነኝ። በጭንቅ ትወልጃለሽ የተባለበት እዚያው ገጽ ላይ ለወንዱም በፊትህ ወዝ ትበላለህ ተብሏል። ልጅዎ ቢሮው ውስጥ ቬንትሌተር ከፍቶ ነው የሚውለው፤ ለምን አላላበህም ብለው ተቆጥተውት ያውቃሉ?"

አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ደቂቃ ኮራሁ። ደረቴን ነፋሁ። ከዚያ ፊት ለፊቴ ማህሌትን አየኋት።

ይኸው ደግሞ ሁለተኛው በደሌ። ለእሷ ብቻዋን፣ እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ ልነግራት የሚገባኝን በሃያ ሴት ፊት ተናገርኩት። እንደ ጀግና ተናገርኩት። ማህሌት ልጇን አንሥታ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ተከትያት ሮጥኩ። በር ላይ ባጃጅ አስቁማ ነበር። ሳትዞር ጠየቀችኝ።

"ስንት ሰዓት ሙሉ ነው እጄን ይዘሽ የተቀመጥሽው?"

"አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀችና ገባች። ባጃጁ ሄደ።

ዛሬ ሐሙስ ነው። እማማ ወርቄ አኩርፈዋል፤ ያኩርፉ፣ ይመለሳሉ። ታደለ መሐላውን ያፈረስኩት እኔ በመሆኔ ተገርሟል። ሐያት ትናንት ደውላ መርፌው ያማል ወይ አለችኝ። ያለውን ነገርኳት፦ ሲገባ ይጠዘጥዛል፣ ኋላ ያንቀጠቅጣል፣ እግር ይከብዳል፣ አንዳንዷን ራስ ምታት ይይዛታል፣ የቀረውን ሐኪምሽን ጠይቂ፣ ብትወጊም ባትወጊም የአንቺ ነው አልኳት። ይህን ያህል ነበር። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ማህሌት ግን ስልክ አታነሣም። ስለዚህ ይህን ለእናንተ ስናዘዝ እሷም እንድትሰማ ነው።

ማህሌት፣ ጀግና ነበርሽ አልልሽም፤ ይህ ቃል ነው ያጠፋን። ያመመሽ ስለሚያም ነው። አንቺ ፈሪ አልነበርሽም። አንዲት ዓረፍተ ነገር ፈርቼ አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ እጅሽን ይዤ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። የማሳብብበት ሰው የለኝም፣ ብፈልግም አላገኝም። ይቅር በይኝ አልልሽም።

ስልኩን ግን አንሺው።