የሐመሩ ሐ መካከለኛ እግር

አንድ ሰው በአንድ ፊደል ዝም አሰኝቻለሁ። አልሰረቅሁም፣ አልመታሁም፤ ሕግ የሚጠይቀኝ ነገር የለም። ግን ውጫሌ ገበያ ውስጥ እጃቸው የተባረከ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ አሉ፤ እንጨት መቁረጥ የተዉት በእኔ ምላስ ነው። ይህን የምጽፈው እንዲመለሱልኝ ብዬ ነው ማለት አልችልም፤ እሳቸው አያነቡትም። እኔ ግን ካልጻፍሁት አንጀቴ አያርፍም።

ሐይቅ ከተማ ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ስወጣ እጄ ሥራ ፈታ። ጠመኔ የለመደ እጅ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ወይ ያማል፣ ወይ የጎረቤት ነገር ይነካካል። አንድ ቀን ስልኬ ላይ ከስስ እንጨት ወፍና አበባ የሚቆርጥ ሰው አይቼ ዐይኔ እዚያው ቀረ። ቀጭን መጋዝ ይሉታል። ያላየው ሰው የልብስ ስፌት መኪና ያስብ፤ መርፌው በሚወርድበት ቦታ ከክር ብዙም የማይወፍር ጥርሳም ምላጭ እላይ እታች ይላል፤ እንጨቱን በሁለት እጅ እያዞሩ ምላጩን በንድፉ መሥመር ላይ ማስኬድ ነው። ሥራው ይኸው ነው፤ ሱሱ ግን ሌላ ነው።

ቴሌግራም ላይ የዚህ ሱሰኞች ማኅበር አለ። ነርስ አለበት፣ መብራት ሠራተኛ አለበት፣ ከደሴም ከኮምቦልቻም ከውጫሌም የተሰባሰበ ሰው ነው። ንድፍ ይለዋወጣል፣ የሠራውን ፎቶ አንሥቶ ይለጥፋል፣ ምላጭ የት እንደሚገኝ ይጠያየቃል። ገብቼ ሰላም ካልሁ በኋላ ማሽን ከየት ላምጣ ብዬ ጠየቅሁ። አንዱ ከውጭ አስመጪ አለኝ፤ አንዱ አዲስ አበባ ሂጂ አለኝ። ከዚያ አንድ የድምፅ መልእክት መጣ፤ የወሎ ሰው ድምፅ፣ ያውም የአምባሰል፣ ቃሉን እያስረዘመ የሚጥል። እታለም፣ እቤትሽ የቆመ የእግር ስፌት መኪና የለም ወይ አለ።

ነበረኝ። የእናቴ ነው፤ ሸራ ለብሶ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ድምፁ የውጫሌው ልብስ ሰፊ ነበር። ካሏቸው ሁለት መኪናዎች ከአንዱ መርፌውን አውልቀው ምላጭ ተክለውበታል። እንዴት እንደሚደረግ በድምፅ ብቻ፣ ቀን በቀን፣ ዐሥር ጊዜ እየደጋገሙ አስረዱኝ። ይህን ብሎን ፍቺ፣ ያንን አጥብቂ፣ ቆርቆሮውን በዚህ በኩል ብሺ፣ አላህ ያግዝሽ። ሳምንት ፈጀብኝ። እግሬን መርገጫው ላይ አድርጌ የመጀመሪያዋን ቅጠል ስቆርጥ እንደ ልጅ ጮኽሁ። ከዚያ ወዲያ መብራት ቢጠፋ ምን ገዶኝ፤ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል መብራት ሲሄድ ሥራ የማንፈታው እሳቸውና እኔ ብቻ ነበርን።

እኝህ ሰው ለሁሉም እንዲህ ነበሩ። ለግሸን ተሳላሚ መስቀል የሚቆርጡት ሰዎች የመስቀሉ ክንድ እየተሰበረ ሲያስቸግራቸው፣ ንድፉ በእንጨቱ ላይ በየት በኩል መቀመጥ እንዳለበት የነገሯቸው እሳቸው ናቸው። ለቁርኣን ማስቀመጫ የሠሩትን ሐረግ ለሁሉም አደሉት፤ ወዲያው በየመስቀሉ ዙሪያ ገባ። ደግ አደረጋችሁ፣ ያምርበታል አሉ። ፊደል ስንቆርጥም እሳቸውን ነበር የምንጠይቅ። ሆድ ያለው ፊደል ድልድይ ይፈልጋል ይሉናል፤ መ፣ ወ፣ ዐ ዙሪያቸው ሲቆረጥ ሆዳቸው ወልቆ ይወድቃልና በአንድ በኩል ትንሽ ሳይቆርጡ መተው ነው። ፎቶ እምብዛም አይልኩም፤ ጽሑፍ ጭራሽ የለም፤ ሁሉም በድምፅ ነው። እኔም መጻፍ ባይችሉ ነው ብዬ በልቤ ደመደምሁ። የትኛው ፊደል ሆድ እንዳለው ለይቶ የሚያውቅ ሰው ፊደል እንዴት አያውቅም? ይህን እንኳ አላሰብሁም። ጠይቄም አይደለም፤ ዝም ብዬ ነው።

እኔስ ለማኅበሩ የምሰጠው ምን አለኝ? ፊደል። እንጨት ላይ ስም የሚጽፍ ሁሉ ከመቁረጡ በፊት ለእኔ ያሳያል። ሠርግን በንጉሡ ሠ፣ ፀሐይን በፀሐዩ ፀ እያልሁ አርማለሁ። እውነት ነው፣ ሲናገሩት ልዩነት የለውም፤ ቢሆንም እንጨት እንደ ወረቀት አይሰረዝም እላለሁ። ቲቸር ቲቸር ሲሉኝ ጡረታዬን ረሳሁት። ማረም የለመደ ሰው ደግሞ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ስሕተት ሲያጣ ይከፋዋል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊው ፎቶ ለጠፉ። ዋንዛ ነው። ሐይቁ አለ፣ በላዩ ሁለት ወፎች፣ ዳር ዳሩን ደንገል፤ ሁሉም ከአንድ ሳንቃ የወጣ። የውኃው ሞገድ ቅጥነቱ ያስፈራ ነበር። ከሐይቁ ሥር ደግሞ ፊደሎች እንደ ጉትቻ ተንጠልጥለዋል፤ «ሀይቅ» ይላል። በስድስት ወር ውስጥ በጽሑፍ ያየሁላቸው የመጀመሪያ ቃል እሱ ነው።

ሞገዱን አላየሁም። ወፎቹንም አላየሁም። ያየሁት ሀን ነው። ሐይቅ አገሬ ናት፤ በሐመሩ ሐ ነው የምትጻፍ፤ በዚያች ፊደል የስንቱን ልጅ ጆሮ ቆንጥጫለሁ። እጄ ስልኩ ላይ ሮጠ። የጻፍሁትን አንዲት ቃል ሳልቀንስ ላስቀምጠው።

«በሃሌታው ሀማ ሐይቅ አይሆንም ጋሼ፤ ኩሬ ነው። እርስዎ መርፌዎን ይያዙ፤ ፊደሉን ለባለ ፊደል ይተዉት።»

ማኅበሩ በሣቅ ሞተ። ስልኬ እስኪሞቅ ድረስ የሚሥቅ ፊት ወረደ። አንዱ ኩሬው ውስጥ ዓሣ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ሌላው ወፎቹ ውኃ ጠማቸው አለ። እኔም አብሬ ሣቅሁ፤ እንዲያውም ጽሑፌን ደግሜ አነበብሁትና አፌ እንደ ድሮው ነው ብዬ ተደሰትሁ። ትንሽ ቆይቶ የድምፅ መልእክት መጣ። እሺ እታለም፣ ደግ ነገርሽኝ ይላል፤ ሌላ የለውም። ከዚያ ወዲህ ድምፃቸውን በዚያ ማኅበር የሰማ የለም።

መቅረታቸውን ወዲያው አለማወቄ ነው ዛሬም የሚያንገበግበኝ። ያወቅሁት ምላጬ እየተጣመመ ሲያስቸግረኝ ነው፤ ለጥቅሜ ስፈልጋቸው ማለቴ ነው። ጠየቅሁ፤ መልስ የለም። ደግሜ ጠየቅሁ። የአባላቱን ዝርዝር ሳይ ስማቸው ወጥቷል። መቼም የበዓል ስፌት በዝቶባቸው ይሆናል ብዬ ራሴን ሸነገልሁ።

ከወር በኋላ እዚሁ ሐይቅ ከገበያ ስመለስ አንዲት ወጣት ሴት መንገድ ላይ አስቆመችኝ። ቲቸር ነዎት አይደል አለችኝ፤ የድሮ ተማሪዬ መስላኝ ጉንጬን ሰጠሁ። የልብስ ሰፊው ልጅ ነበረች። ለሐይቅ ሰው ተድራ መምጣቷ ነው። አባቷን ማኅበሩ ውስጥ ያስገባቻቸው እሷ ናት፤ እሷም እዚያው ዝም ብላ ታነባለች፤ የእኔንም አንብባዋለች። አልተቆጣችም፤ ቁጣዋ ይሻለኝ ነበር። ሥራው ለእሷ ለአዲሱ ቤቷ ግድግዳ የታሰበ እንደ ነበር፣ አባቷ ቃሉን በመጋዝ ቆርጠው ጥለው ሐይቁንና ወፎቹን ብቻ እንዳመጡላት ነገረችኝ። ምላጩን ነቅለው መርፌውን መልሰው ተክለዋል። ይህንን ብላ ዘንቢሏን አንሥታ ሄደች። እኔ እዚያው መንገድ ላይ የያዝሁት ሽንኩርት ከበደኝ።

በማግሥቱ ሚኒባስ ይዤ ውጫሌ ሄድሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እኔ ግን ልሞክር ብዬ መንገዱን ሙሉ የይቅርታ ንግግር ሳዘጋጅ ነበር፤ እንደ ተማሪ ድርሰት መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ያለው። ከሚኒባሱ ወርጄ ልብስ ሰፊዎቹ ከተደረደሩበት በረንዳ ደረስሁ። መልካቸውን አላውቀውም፤ በድምፃቸው ነው የለየኋቸው፤ ለአንድ ደንበኛ ኢንሻአላህ ለነገ ይደርሳል ይላሉ። ማን እንደሆንሁ ስነግራቸው ብድግ ብለው ወንበራቸውን ለቀቁልኝ። ሻይ አዘዙልኝ። መኪናሽ እንዴት ሆነች ብለው ጠየቁኝ።

ያ ሁሉ ድርሰት ጠፋኝ። አፉ ይበሉኝ ብቻ አልሁ። ሣቅ ብለው አፉ ብያለሁ አሉ፤ ምን አጠፋሽና። ይቅርታው ቶሎ መጣ፤ በጣም ቶሎ፤ እንደ እግዜር ይስጥልኝ ቀለለብኝና አላመንሁትም። እና ታምኑኛላችሁ? ያን ጊዜም አላረፍሁም። ከፈለጉ ሐመሩን ሐ በትልቁ ወረቀት ላይ ልጽፍልዎ እችላለሁ አልኋቸው። ወይ እኔ!

መሳቢያቸውን ሳቡና ከቁልፍና ከክር መካከል ሦስት ቁራጭ ዋንዛ አወጡ። ሦስቱም ሐ ናቸው። እኔ ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ከኖርሁት ያማረ ሐ። ሦስቱም መካከለኛ እግራቸው የለም። አንዱን አንሥተው በጣታቸው እያሳዩ አስረዱኝ። ሐ ከላይ ተንጠልጥሎ ሦስት ቀጫጭን እግር ወደ ታች ሲጥል፣ የሳንቃው ጅማት ደግሞ አግድም ስለሚሄድ፣ ምላጩ ሲነካው መካከለኛው እግር ይቀነጠባል። ሀ ግን ሁለት ክንዱን ወደ ላይ ዘርግቶ ሐይቁን ይይዛል፤ አይሰበርም። ሦስት ጊዜ ሞክረው ሦስት ጊዜ ተሰብሮባቸው ነው ወደ ሀ የዞሩት። እኔ ይህን ከየት ልወቅ? የምቆርጠው ኮምፔንሳቶ ነው፤ ስስ እንጨት ጅማቱ እየተጣረሰ፣ ተደራርቦ በኮላ የተጣበቀ፤ እንደ ልብ ቢያቀጥኑት አይሰበርም። ፊደሉን ዐውቄ እንጨቱን ሳላውቅ ነው ያረምኋቸው።

የደንበኞቻቸውን ልክ የሚይዙበት ደብተር ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ነበር። ጽሕፈታቸው ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ ነው፤ ሐመሩም በቦታው አለ። ስልክ ላይ የማይጽፉት ዐይናቸው የመጻፊያውን ደቃቅ ፊደል ስለማያይላቸው ብቻ ነው። ታዲያ እንጨቱ እምቢ ብሎኝ ነው ለማለት አንድ የድምፅ መልእክት አይበቃም ነበር? ለምን ዝም አሉ ብዬ ጠየቅኋቸው፤ ተቆጣኋቸው እንኳ። እሳቸው የያዙትን ጨርቅ ጠርዝ እያጠፉ መለሱልኝ።

«አንቺ የሰው አስተማሪ ነሽ እታለም። አስተማሪን በሰው ፊት ማረም ደግ አይደለም።»

ስንት ዓመት ሙሉ ልጅን በልጅ ፊት ሳርም ኖሬ ይህች ነገር አንድም ቀን ትዝ ብላኝ አታውቅም። እኔ ክብራቸውን ባወረድሁበት በዚያው ቦታ እሳቸው የእኔን ጠብቀውልኛል። ይመለሱ ብዬ ለመንኋቸው። እንጃ፣ ዐይኔም ደክሟል፣ እኔ መርፌዬን ልያዝ አሉ። የራሴን ቃል ነው የመለሱልኝ፤ ተንኮል የለበትም፤ ምክር ነው ብለው ተቀብለውታል። ሻዩን እንዴት እንደጨረስሁት አላውቅም።

ሐይቅ እንደ ገባሁ ለማኅበሩ ሁሉንም ጻፍሁ። ጥፋቱ የእኔ እንደ ሆነ፣ ስለ ሦስቱ የተሰበሩ ፊደሎች፣ ስለ እንጨቱ ጅማት፣ ስለ ኮምፔንሳቶው፣ አስተማሪን በሰው ፊት ስላሉትም፤ ምንም አላስቀረሁም። ልኬ ስልኩን በፊቱ ደፋሁት። ስድብ ነበር የጠበቅሁት፤ ይገባኛልም። መልሼ ሳነሣው በቀይ ልብ ተሞልቷል። እንዲህ ያለ ትሕትና አይተን አናውቅም አሉኝ። አንዷ አንብቤው አለቀስሁ አለች። መምህር ማለት እንዲህ ነው አለ ያ ስለ ዓሣው የቀለደው። ጽሑፌን ከማኅበሩ አናት ላይ ሰቅለውታል፤ አዲስ የገባ ሁሉ መጀመሪያ እሱን ያነባል። እሳቸውን አዋርጄ የተሣቀልኝ አንሶ ይቅርታ ጠይቄም ካባ ደረብሁ።

አሁን ሐ መቁረጥ የሚፈልግ ሁሉ እኔን ይጠይቃል። ጅማቱን እይ፣ መካከለኛውን እግር አወፍረው፣ ካልሆነ በሀ ለውጠው እላለሁ። ይህ የእኔ ዕውቀት አይደለም፣ ውጫሌ ካሉት ልብስ ሰፊ የተማርሁት ነው ብዬ በእያንዳንዱ መልስ ሥር እጽፋለሁ። እኝህ ሰው የት አሉ፣ ለምን ሄደን አንለምናቸውም ያለኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም። እናመሰግናለን ቲቸር ይሉኛል።