ታስሮ የተመለሰው ዙርባ

የአክስትሽን ነገር ልጻፈው ካልሽኝ እንዳወራሁት ጻፊው፤ አታሳምሪው።

አክስትሽ ያኔ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። እዚያው ያለ የሚኤሶ ልጅ ወደዳት፣ እሷም ወደደችው። ዘመዶቹ ሽማግሌ ላኩ። ጁምዓ ቀን ከሶላት መልስ ጭሮ ከተማ እኛ ቤት መጡና አንድ ዙርባ ጫት እንደታሰረ አያትሽ ፊት አስቀመጡ። አባት ዙርባውን ፈትቶ ከቀጠፈ ልጄን ሰጠሁ ማለቱ ነው። ሳይፈታ ከመለሰው አልሰጥም ነው። ጫት ደግሞ አይጠብቅም፤ ሳይጠወልግ መልስ ይሰጣል።

አያትሽ ዕድሜውን ጫት ሲነግድ የኖረ፣ ቅጠሉን ሳያይ የማይገዛ ሰው ነው። የልጁን መልክ ሳላይ አልፈታም አለ። አክስትሽ ፎቶውን በኢንተርኔት ልካ ስለነበር፣ እኔ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ኢንተርኔት ቤት ሄድኩ።

የቤቱ ባለቤት ቀልጣፋ ሴት ነበረች። ፎቶውን ከፈተችልኝ። ፀጉሩ መጣ፣ ግንባሩ መጣ፣ ዓይኑ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ከዚያ በታች አረንጓዴና ግራጫ መስመር ብቻ፣ የተተለተለ ሽርጥ ነው የሚመስለው። ማሽኑን እንደገና እንዲያመጣ አዘዘችው፤ ያንኑ አመጣ። ዘግታ ከፈተችው፤ ያው ነው። ከላከችው ሰው ጋ ነው የተበላሸው አለችኝ።

አክስትሽ ጋ አስደወልኩ። እናቴ ለማለት አዮ ነው የምትለኝ። "አዮ፣ እኔ ጋ እኮ ሙሉ ነው። ፈገግ ብሏል" አለችኝ። ይህን ለሴትየዋ ስነግራት፣ እንግዲያ ጥፋቱ እኛ ጋ ነው፣ ትንሽ ታገሺኝ አለች። ምን ያደርጋል፣ ከቤት ጫቱ እየረገፈ ነው፣ ያለውን ይዘሽ ነይ የሚል መልእክት መጣብኝ። ያንኑ ግማሽ ፊት በወረቀት አስወጥቼ ሄድኩ።

ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የአያትሽ ወንድም፣ ልጁ ከዓይኑ በታች የሚደብቀው ነገር ባይኖር እንዲህ አይልክም ነበር፣ ቃጠሎ ይሁን ለምጽ አላህ ይወቀው አለ። ልጅቷ ጋ ሙሉ ነው የሚታየው ብዬ ብናገር ሳቀብኝ።

"የወደደ ዓይንማ መቼ ጎደሎ አይቶ ያውቃል።"

የሚኤሶው ትልቅ ሽማግሌ ግን አልሳቀም። "ይህን ልጅ ፊቱን እያየን ነው ያሳደግነው። ከእኛ አፍ ወረቀት ይበልጣል ወይ?" አለ።

አያትሽ ዙርባውን ዳሰሰው፤ ቅጠሉ ተኝቷል። ሳይፈታው ወደነሱ ገፋ አደረገው። እነሱም እንደታሰረ አንስተው ወጡ።

የአስር ሶላት ሳይሰገድ ሴትየዋ ራሷ ሌላ ወረቀት ይዛ በራችን ላይ መጣች። መጀመሪያ መስመሩ ሲቆራረጥ ማሽኑ የደረሰውን ግማሽ ለራሱ አስቀምጦ ኖሯል። አምጣ ባለችው ቁጥር ከጅዳ አያመጣም፣ ያችኑ ያስቀመጣትን ነው የሚያሳያት። የተቀመጠውን አጥፍታ እንደ አዲስ ብታዘው ሙሉው መጣ። አየነው። ቃጠሎ የለ፣ ለምጽ የለ። የፊት ጥርሱ ፍንጭት የሆነ ሳቂታ ልጅ ነው።

አያትሽ ወረቀቱን ብዙ ሲያየው ቆየና "ደህና ልጅ ነው" አለ። በማግስቱ ወደ ሚኤሶ ሰው ላከ። ታስሮ የተመለሰ ጫት ሁለተኛ አይመጣም ብለው መለሱለት። ልጁም ቆይቶ ሌላ አገባ።

ያን ወረቀት አያትሽ እስኪሞት ከትራሱ ሥር አላነሳውም። አክስትሽ ለለቅሶው ስትመጣ፣ አላገባችም ያኔም፣ ይሻላት እንደሁ ብዬ አውጥቼ ሰጠኋት። እንዳታጥፈው ተጠንቅቃ መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

"አዮ፣ እኔ መልኩን አውቀዋለሁ" አለችኝ።